ኦሲዲ ያለበት የ15 ዓመት ልጅ፦ «አልተሳሳትክም» ማለቴን እንዴት ላቁም?

ጥያቄ፦ የልጁ እናት

ልጃችን 15 ዓመቱ ነው። ሐኪም አይቶት ኦሲዲ ነው ብሏል፣ አስጨናቂ ሐሳብ እየመጣበት እሱን ለማብረድ አንድን ድርጊት የግድ የሚደጋግምበት ሕመም ማለት ነው፤ የሥነ ልቦና ሕክምናው ቀጠሮ ግን ገና ሰባት ሳምንት ይቀረዋል። በጣም የሚያስቸግረው የቤት ሥራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፍና ፊደሉ «ልክ አልመጣም» ብሎ ያጠፋዋል፤ ደግሞ ይጽፋል፣ ደግሞ ያጠፋል፣ ወረቀቱ በላጲስ ሳስቶ እስኪቀደድ። ሲያነብም አንዱን አንቀጽ አምስት ስድስት ጊዜ ይመለስበታል። የሃያ ደቂቃ ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ይመጣና «እማ፣ እዚህ ጋ አልተሳሳትኩም አይደል?» ይለኛል። «አልተሳሳትክም» እለዋለሁ፤ ደቂቃ ሳይቆይ ይመለሳል። አንድ ምሽት ብቆጥረው 31 ጊዜ ጠየቀኝ። በትክክል ካልጻፍኩ እናቴ ላይ አደጋ ይደርሳል የሚል ሐሳብ እንደሚመጣበት ለሐኪሙ ነግሮታል።

ስከለክለው ያለቅሳል፣ ስመልስለት ይብስበታል። እስከ ቀጠሮው ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ምንስ ማድረግ የለብኝም? «አይዞሽ፣ ያልፋል» ሳይሆን ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 1፦ መሰላል

አሠራሩን ቀድመን እንያዘው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። ሐሳቡ ሳይጠሩት ይመጣል፦ «ይህን ፊደል ካበላሸሁ እማ ትጎዳለች»። ጭንቀት ይቀሰቀሳል። ልጁ ጭንቀቱን ለማብረድ ያጠፋል፣ ደግሞ ያነባል፣ ይጠይቃል። ወዲያው ይቀለዋል። ችግሩ ያለው እዚሁ እፎይታ ላይ ነው፤ አእምሮው «የዳንነው ስላጠፋሁት ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ቶሎና ጠንክሮ ይመጣል። የእርስዎ «አልተሳሳትክም» ከላጲሱ አይለይም። ከፍቅር ቢመጣም ሥራው ያው ነው።

እንዲህ ያለ ሐሳብ መምጣቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። ራችማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦሲዲ የሌለባቸው ብዙ ሰዎችም በይዘቱ ተመሳሳይ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል። ሌላው ሰው ሐሳቡን «ምን ነካኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ ኦሲዲ ያለበት ልጅ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል፣ አንድ ነገር ካላደረገም ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል። «አታስበው» ማለት የማይሠራውም ለዚህ ነው። ሐሳቡ ሄዶ እንደሆነ ለማየት ራሱን በፈተሸ ቁጥር ያንኑ ያስባልና።

መሠረታዊው ሕክምና «መጋፈጥና ድርጊትን መግታት» ይባላል፤ ባለሙያዎች በምሕጻር ኢአርፒ ይሉታል። ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ቪክቶር ሜየር በ1966 ካሳተመው ሥራ የተነሣ ነው። ልጁ የሚፈራውን ሆን ብሎ ያደርጋል፣ ከዚያ ጭንቀቱን የሚያበርደውን ድርጊት አያደርግም። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ዋጋ የለውም። ልጅዎ ደብተሩን በከፈተ ቁጥር ፍርሃቱን ይጋፈጣል እኮ፤ ግን ወዲያው ስለሚያጠፋ ምንም አዲስ ነገር አይማርም።

እስከ ቀጠሮው በቀላሉ በኩል መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ምንም አትለውጡ፤ መመዝገብ ብቻ። ሰዓቱ፣ ምን እየሠራ እንደነበር፣ ምን እንዳደረገ፣ ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር። ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ በእስክሪብቶ፣ በአንድ መስመር። በእርሳስ ከሆነ መዝገቡም ይጠፋል፣ ይጻፋል፤ ያኔ ሌላ አስገዳጅ ድርጊት ሠራችሁለት ማለት ነው።

ከዚያ አብራችሁ መሰላል ሥሩ፦ የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እየሰጡ መደርደር ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ለእሱ ዓይነት ችግር ለምሳሌ፦ ማንም በማያየው ብጣሽ ወረቀት ላይ በማይጽፍበት እጁ ሦስት መስመር ጽፎ መተው፣ 2 ሊሆን ይችላል። አንድ አንቀጽ አንዴ ብቻ አንብቦ ገጹን መገልበጥ፣ 3። የቤት ሥራውን የመጀመሪያ አምስት መስመር በእስክሪብቶ መጻፍና አለመመለስ፣ 4። አንድ ቃል ሆን ብሎ አጣሞ ጽፎ መተው፣ 6። ያንኑ ለመምህሩ ማስረከብ፣ 7። «ዛሬ እማ ላይ አደጋ ሊደርስ ይችላል» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ኪሱ ይዞ መዋል፣ 9። ከ3 ወይም ከ4 ይጀምሩ፤ ከ6 በላይ ያለውን ለቴራፒስቱ ይተዉት።

አንዱን እርከን በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይሥራው። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ይጻፍ፦ «ካላጠፋሁት ምን ይሆናል?»፣ «ሳላጠፋ ስንት ደቂቃ እቆያለሁ?» ሲጨርስ ከሥሩ የሆነውን ይጻፍ። «ሦስት ደቂቃ እንኳ አልችልም» ብሎ ጽፎ አርባ ደቂቃ የቆየ ልጅ ከየትኛውም ምክር በላይ ከዚያ ወረቀት ይማራል።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ከ7 ጀምሮ መሃል ላይ መሸሽ አንዱ ነው፤ ያኔ ፍርሃቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሌላው ጭንቀቱን ላለመስማት ስልክ እያዩ ወይም ሙዚቃ እያዳመጡ መሥራት። ከሁሉ የከፋው ግን ወላጅ ፖሊስ ሲሆን ነው። ላጲሱን ከእጁ አይንጠቁት። ሲነጠቅ ትግሉ ከኦሲዲው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከእናቱ ጋር ይሆናል።

ምላሽ 2፦ ከወላጆች ጋር የምሠራ

እህቴ፣ መሰላሉ የልጁ ሥራ ነው፤ መልሱ ግን ያንቺ ነው። እኔ በዚህ ብትጀምሪ እመርጣለሁ፣ የልጁን ፈቃደኝነት አይጠብቅምና። ቤተሰብ በኦሲዲው ሥርዓት ውስጥ ገብቶ መልስ ሲሰጥ፣ አብሮ ሲፈትሽ፣ ልጁ የሚፈራውን ሁሉ ሲያስወግድለት ሕመሙ ይደላደላል። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሊ ሌቦዊትስ ያዘጋጀው አንድ የሕክምና ዘዴ እንዲያውም ቴራፒስቱ የሚያገኘው ወላጆቹን ብቻ ነው፤ የሚለወጠውም የእነሱ ምላሽ ነው።

በአንድ ቀን 31ን ወደ ዜሮ አታውርጂው። ትንንሽ ካርዶች ቁረጪ። ለመጀመሪያው ሳምንት በምሽት 15፣ ለሁለተኛው 10፣ ለሦስተኛው 6፣ ለአራተኛው 3፣ ከዚያ ምንም። አንድ ጥያቄ አንድ ካርድ። የቱ ጥያቄ ላይ እንደሚያወጣው የሚወስነው እሱ ነው፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዴ «ይሄንኛው ካርድ አይገባውም» ብሎ ራሱ ሲመለስ ታዪዋለሽ።

ደብተሩን ይዞ ሲመጣ አይደለም የምትነግሪው። ሲረጋጋ፣ ቀን፣ አባቱም ባለበት ንገሪው፦ «እነዚህ ጥያቄዎች የኦሲዲው እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ እንደምትችለውም አምናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በምሽት 15 ጊዜ እመልሳለሁ። ካርዱ ሲያልቅ አልመልስም፣ ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ።» ካርዱ ሲያልቅ የምትይው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ይሄ የኦሲዲው ጥያቄ ነው፤ አብሬህ ነኝ።» ልታስረጂው፣ ልታሳምኚው አትሞክሪ። ማስረዳትም ረጅም መልስ ነው።

እውነተኛ ጥያቄና የኦሲዲ ጥያቄ በምን ይለያሉ ካልሽ፣ አንዴ ሲጠይቅ መረጃ ነው፤ ያንኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ማረጋገጫ ነው። በሂሳቡ ያልገባው ነገር ካለ በደንብ አስረጂው፣ አንድ ጊዜ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ። ልቅሶው ይበረታል፣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል፦ በስልክ መልእክት ይመጣል፣ ወደ አባቱ ይዞራል፣ ወይም «እማ ፊትሽ ለምን ተቆጣ?» ይሆናል። በሃያኛው ልመና ላይ ከመለስሽ የሚማረው ሃያ ጊዜ መለመን እንዳለበት ነው። ስለዚህ በፈተና ሳምንት አትጀምሩ፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይያዝ። ማቀፍ ይቻላል። አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። አትቅጪው፣ ከወንድም ከእህቱም አታወዳድሪው፤ ይህን የሚያደርገው ደስ ብሎት አይደለም።

የልጁ እናት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ካርዱን ሰኞ እንጀምራለን። ሁለት ነገር ልጨምር። ላጲሱን ሲተው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በውስጡ የሆነ ነገር የሚደግም ይመስለኛል። ሐኪሙ ደግሞ ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ሊጀምርለት እንደሚችል ተናግሯል። መድኃኒቱን እፈራዋለሁ።

ምላሽ 3፦ መሰላል

ከንፈሩን ማየትዎ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በውስጥ የሚደረግ አስገዳጅ ድርጊት አለ፦ መቁጠር፣ «ጥሩ» ቃል በመጥፎው ላይ መድገም፣ የጻፉትን በሐሳብ መከለስ። ከውጭ ሲታይ ልጁ ድርጊቱን የተወ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ያጠፋል፣ መሰላሉም አይሠራም። መለያው ቀላል ነው። በራሱ የመጣው አስጨናቂው ሐሳብ ነው፣ ይምጣ። እሱን ለማብረድ ልጁ ራሱ የሚያደርገው ድርጊት ነው፤ የሚገታው እሱ ነው።

«አትድገመው» ብቻ ማለት አይረዳም፣ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሲነቃበት ፍርሃቱን መልሶ ያምጣው፦ «ምናልባት አደጋ ይደርስባት ይሆናል፣ ምናልባት አይደርስባትም፤ ማወቅ አልችልም» ብሎ አንዴ ለራሱ ይናገርና ወደ ቀጣዩ መስመር ይለፍ። አንዴ ብቻ! ይህችው ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ከተደገመች እሷም እንደ ላጲስ ትሆናለች።

ምላሽ 4፦ ከፋርማሲ

ስለ ሰርትራሊን። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለልጆች ኦሲዲ ከተፈቀዱት አንዱ ነው፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ። ፍሉኦክሰቲን ከ7፣ ፍሉቮክሳሚን ከ8፣ ክሎሚፕራሚን ከ10 ዓመት ጀምሮ ተፈቅደዋል። ክሎሚፕራሚን የቆየ መድኃኒት ነው፤ ልብ ላይ ሊያደርሰው በሚችለው ጉዳት ምክንያት የልብ ምርመራ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ አይታዘዝም።

ከ13 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ ያለው መነሻ በቀን 50 ሚሊግራም ነው፤ ሆድ እንዳይረብሽ ከ25 የሚጀምሩ ሐኪሞችም አሉ። ጣሪያው 200 ነው፤ መጠኑ የሚጨመረው ቢያንስ ሳምንት እየተጠበቀ ነው። ኦሲዲ ከድብርት ይልቅ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠንና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በቂ መጠን ላይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይቆዩ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። በብዛት የማየው ስህተት በአራተኛው ሳምንት ማቆም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው ይቀንሳል። እንቅልፍ ከነሣው ጠዋት ይውሰደው፣ ካቅለሸለሸው ከምግብ ጋር። የአንድ ቀን ካለፈው በማግስቱ ሁለት አይዋጥም። ሱስ አያስይዝም፤ ሆኖም በድንገት ከቆመ መፍዘዝ፣ መነጫነጭና ኤሌክትሪክ የመነዘር ዓይነት ስሜት ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚህ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። የሳል ሽሮፕም ቢሆን ሌላ መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት ሰርትራሊን እንደሚወስድ ለፋርማሲው ይንገሩ።

የሚፈሩትን በግልጽ ልንገርዎ። በ2004 ተቆጣጣሪው በእነዚህና በሌሎች የድብርት መድኃኒቶች መመሪያ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወደ 4 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 2 በመቶው ላይ ታይቷል፤ በጥናቶቹ ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ ልጅ አልነበረም። ይህ መድኃኒቱን መከልከያ አይደለም፣ መከታተያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ይዩት፦ መቁነጥነጥ፣ ጭራሽ አለመተኛት፣ ያልተለመደ ቁጣ ወይም ፈንጠዝያ፣ ስለ ሞት ማውራት። አንዱን ካዩ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውሉ። «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም።

ክኒኑ መሰላሉን አይተካም። በ2004 በታተመው ከ7 እስከ 17 ዓመት ባሉ 112 ልጆች ላይ በተደረገ የ12 ሳምንት ጥናት፣ ምልክቱ ከሞላ ጎደል የጠፋላቸው ሰርትራሊን ብቻ ከወሰዱት 21.4 በመቶ፣ የሥነ ልቦና ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 39.3፣ ሁለቱን ካገኙት 53.6፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 3.6 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ጭንቀቱን ዝቅ ያደርግለታል፤ ትናንት 8 የነበረው እርከን 5 ሲሆንለት የሚወጣው ግን እሱ ነው።

ምላሽ 5፦ የትምህርት ቤት አማካሪ

ለትምህርት ቤቱ ተናገሩ፣ ልጁ ተስማምቶ። የትኛው መምህር እንደሚያውቅ እሱ ይምረጥ። ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚያቀርቡት ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ተጨማሪ ሰዓት ተጨማሪ ማጥፊያ ነው። የሚሻለው መምህሩ የተሰረዘ ቃል ያለበትን ሥራ እንዲቀበል፣ ለእጅ ጽሑፍ ውበት ነጥብ እንዳይቀንስ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ያለቀውን ያህል እንዲሰበስብ መስማማት ነው። የቤት ሥራው ብዛት ለጊዜው ሊቀነስ ይችላል፦ አሥሩ ጥያቄ አምስት ይሁን፣ በጊዜ ገደብ፣ 30 ደቂቃ ሲሞላ ደብተሩ ይዘጋል። የሚሰጠው እገዛ ሁሉ ማብቂያ ቀን ይኑረው፣ በየሁለት ሳምንቱም ይታይ። ያለ ገደብ ከተሰጠ ራሱ የኦሲዲው መደላድል ይሆናል። «በኮምፒውተር ይጻፍ» የሚባለውንም እጠራጠረዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ማጥፋቱ ወደ ቁልፉ ይዛወራል።

ከምላሽ 1 ጋር ደግሞ በአንድ ነጥብ እለያያለሁ። ቁጥሩን ከ0 እስከ 10 ለመሰላሉ ተጠቀሙበት፣ በልምምዱ መሃል ግን በየደቂቃው «አሁን ስንት ሆነ?» አትበሉት። ቀድሞ ጭንቀቱ በግማሽ እስኪወርድ መጠበቅ ይመከር ነበር፤ እንደ ሚሼል ክራስኪ ያሉ ተመራማሪዎች ያራመዱት አዲሱ አካሄድ ጭንቀቱ ባይወርድም የፈራው አለመድረሱንና መቻሉን መማሩ ይበልጣል ይላል። 7 ላይ ጀምሮ 7 ላይ ቢጨርስ፣ ካላጠፋ፣ ተሳክቶለታል። ይህን ካላወቀ «አልወረደልኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ምላሽ 6፦ መሰላል

ይህን እቀበላለሁ፤ እኔም «ሳላጠፋ ስንት ደቂቃ እቆያለሁ» ይጻፍ ያልኩት ለዚሁ ነው፣ ግን ግልጽ አላደረግኩትም።

ስለ ቀጠሮው ልጨምር። የአራቱን ቀን መዝገብና የካርዱን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው ምናልባት የኦሲዲውን ክብደት ለልጆች በተዘጋጀ መለኪያ ይመዝነዋል፤ 10 ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ እስከ 40። ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ ከ24 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ውጤቱን ይጠይቁና ጽፈው ያስቀምጡ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚያወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው። አንድ ጥያቄም ከመጀመሪያው ቀን ያንሡ፦ «በክፍለ ጊዜው ውስጥ መጋፈጡን አብራችሁት ትሠራላችሁ? በቤት የሚሠራውስ በየሳምንቱ ይሰጣል?» መልሱ «ስለ ልጅነቱ እናወራለን፣ ትንፋሽ ማረጋጋት እናስተምረዋለን» ብቻ ከሆነ ኢአርፒ አይደለም፤ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

ቀጠሮውን የማይጠብቅ ነገርም አለ። ስለ መሞት ካወራ፣ ወይም መብላትና መጠጣት ካቆመ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ምልክቶቹ ቀስ ብለው ሳይሆን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ፈንድተው ከሆነ፣ በተለይ ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን በኋላ፣ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምርመራው ይለያል።

የልጁ እናት

በድንገት አልነበረም፣ ዓመት ያህል ቀስ እያለ ነው የመጣው። ካርዶቹን ዛሬ ራሱ ቆረጣቸው። 15 ሆነው አንዱ ትንሽ ጠመም አለ፤ ጠማማውን አልጣለውም።